ዓይን ቀድሞ ይብላ

እትየ ደብሪቱ መሞቷን የሰማሁት አርብ ገበያ ከተማ፣ ጨው ልገዛ ጎንበስ ባልኩበት ነው። ነጋዴው ከንፋስ መውጫ የመጣ ሰው ነበር። ጨዉን እየሰፈረልኝ አጠገቡ ከተቀመጠው በርበሬ ሻጭ ጋር ያወራል።

«ያቺ የቻይና ቤቷ ሴትዮ አረፈች» አለ።

«ማን ቀበራት?»

«ቄሶቹ ቀበሯት እንጂ ማን አላት? መካን አልነበረች? አልቃሽ እንኳ ሳይኖራት አፈር ገባች።»

በርበሬ ሻጩ አማተበና፣ «ኧረ እንኳንም ዘር አልተወች» አለ።

ጨዌን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ መንገዴን ቀጠልኩ። ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም፤ የሰው አደራ ስለነበረብኝ ነው። ዛሬ ይህን ስጽፍም ከአገሩ ስም በቀር የሰዎቹን ስም ሁሉ ለውጫለሁ።

ንፋስ መውጫ የገባሁት ለመማር ነው። ልጅ ማሳደግ በሚገባኝ ዕድሜ ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ማደሪያ ስፈልግ እትየ ደብሪቱ ከምግብ ቤቷ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጠችኝ፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳህን አጥብላት ነበር። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

እሷ ረጅም ሴት ነበረች። ግራ እጇ ላይ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የዘይት ጠባሳ ነበራት፤ ግን ደብቃው አታውቅም። ሳህን ስታስቀምጥ አንድ ጊዜ አስቀምጣ አትተወውም። ትንሽ ራቅ ብላ ታየዋለች፣ ተመልሳ በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች፣ ደግማ ታየዋለች። የወጡ መልካም ገጽ ወደ በሩ መዞር ነበረበት።

ይህን የተማረችው አዲስ አበባ ነው። በልጅነቷ ስማዳ ተድራ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ባሏ ቆላ ወርዶ በወባ ሲሞት የባሏ ወገኖች ሕፃኗን አስቀሩና እሷን ሸኟት። አዲስ አበባ ደርሳ አንድ ቻይናዊ የከፈተው ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ሆነች፤ ከዓመታት በኋላ ቻይናዊው ድስቱን ራሱን አስረከባት። ሰውየው ምግቡን ሁሉ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል፤ እንግዳው አንዴ ይከፍልና ሳህን ይዞ እየዞረ ያሻውን ያነሣል፣ ቢሻው ይደግማል። በተሰባበረ አማርኛውም፣ «ዓይን ቀድሞ ይብላ፣ አፍ በኋላ» ይላት ነበር። ዓይን ያልወደደውን አፍ አይወደውም ማለቱ ነው።

እትየ ደብሪቱ ወደ አገሯ ስትመለስ ይዛ የመጣችው ያንን ጠረጴዛና ያንን ቃል ነው። ጠረጴዛውን ከባሕር ዛፍ ጣውላ አሠራችው። ቃሉን ግን ለገባው እንግዳ ሁሉ ሳህን እያቀበለች ትናገረው ነበር። «በሉ እንግዲህ፣ ዓይን ቀድሞ ይብላ።»

ከተማው ቤቱን «ቻይና ቤት» አለው። በበጋ የሚመጡት የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ ክርክር ያላቸው ባላገሮች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ አንዳንዴም ከቤተ ልሔም ደብር ለጉዳይ የመጡ ካህናት ይገቡበት ነበር። ሳህን የማጥብበት ቦታ ከመንገዱ የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ በልተው የወጡ ሰዎች የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ።

ከቤት ውስጥ ሳሉ ማንም እውነቱን አይናገርም። እትየ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማ ወጪውን ሁሉ፣ «ምን ጎደለ?» ትላለች። ይህ ጥያቄ ሰውን ያስደነግጠው ነበር። በእኛ አገር የቤት እመቤት «ጥገቡ፣ በሞቴ» ትላለች እንጂ የጎደለውን አትጠይቅም፤ ጎደለ ማለትም ቤቱን መስደብ ነው። ስለዚህ ሁሉም «ኧረ ምንም፣ ሙሉ ነው» ብሎ ይወጣና ግድግዳው ሥር ሲደርስ አፉ ይከፈታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ተናጋሪ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ እንግዳው ነበር። ምሳው እዚያ ነው፤ ሐሜቱም እዚያው።

«በስም እንግዳው፣ በሥራ አሳላፊው» ይላል። «ሚስቴ እንኳ ተነሥተህ ቅዳ ብላኝ አታውቅም። ከፍዬ ራሴን ላስተናግድ?»

ሾፌሮቹ ይስቃሉ። አንዱ ጎመኑ ቶሎ ከእሳት እየወጣ ገና ይተነፍሳል ይላል። ሌላው ድንቹ በዝንጅብል መሠራቱ ጉንፋን ለያዘው እንጂ ለጤነኛ አይደለም ይላል። ሩዙን ያየ አንድ ባላገር ደግሞ ያልተፈተገ ገብስ መስሎት በትዝብት ከንፈሩን መጠጠ። ነገር ግን ሁሉም በማግሥቱ ይመለሱ ነበር። «ስፍር የላትም» ይላሉ። «ቢደግሙም ፊቷን አታጠቁርም፤ ቸር ሴት ናት።» አንድ የቤተ ልሔም የኔታ ደግሞ፣ «ይህ ሥርዓት ነው፤ ማንም ማንንም ሳይገፋ በየተራው ያነሣል» ብለው ሲያመሰግኑ ሰምቻለሁ።

ቤቱ ሲዘጋ ትመጣና፣ «ምን አሉ?» ትለኛለች።

እኔ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራታለሁ። ስለ ጎመኑ ስነግራት በማግሥቱ ትንሽ ታበስለዋለች። አሳላፊ ሆንኩ የሚለውን ስነግራት ሳቀችና በማግሥቱ አቶ እንግዳው ሲገባ ጭልፋውን በሁለት እጇ አቀረበችለት። «አሳላፊ ሆይ፣ ሥራዎ ይጠብቅዎታል» አለችው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም ጎንበስ ብሎ ተቀበላትና፣ «ዛሬስ እባቡ የቱ ጋ ነው?» አላት፤ ቻይና እባብ ይበላል መባሉን ሰምቶ ነው። «እባቡማ ጭልፋ ይዞ ቆሟል» አለችው።

የሰዉን አስተያየት እንዲህ አጥብቃ የምትከታተለው ለገበያ ብቻ አልነበረም። ልጇን የምታገኘው በዚያ ነው።

የልጅቱ አያት፣ ግራዝማች ውበቱ፣ የመሬት ክርክር ስለነበረባቸው ከስማዳ እየመጡ ንፋስ መውጫ ይከርሙ ነበር። አንድ ቀን ሳያውቁ እሷው ቤት ገቡና አወቋት። ስማዳ ውስጥ የልጅቱ እናት አዲስ አበባ ሞታለች ተብሎ ነበር የሚታወቀው፤ እሳቸውም አላስተባበሉም። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። ከብዙ ምልልስ በኋላ ያሉትን አስታውሳለሁ፤ ሳህን ላነሣ ገብቼ ቆሜ ነበር።

«ምግብ ቤት ያላት ሴት ስሟ ያለው በበላተኛ አፍ ነው። እኔ እዚህ እመላለሳለሁ፤ የሚባለውን እሰማለሁ። መልካም ካሉሽ ከፋሲካ በኋላ ልጅቱን አመጣልሻለሁ። ካንቺ ጋር ተቀምጣ ትማር። እናቷ አለች፣ ይቺት ብዬ በአደባባይ እናገራለሁ።»

የልጅቱን ስም ማንጠግቦሽ ልበላት። እውነተኛ ስሟ ይህ አይደለም፤ ትርጉሙ ግን ከዚህ አይርቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትየ ደብሪቱ «ምን ጎደለ?» ብላ መልሱን ሳትሰማ ማንንም ከበሩ አታሳልፍም ነበር። ሁዳዴን በሙሉ ሽሮውንና ስልጆውን እንደ ሙሽራ ምግብ አሰማምራ አቀረበች። ለማንጠግቦሽ አልጋ አሠራች። ስትመጣ ከእኔ ጎን ነበር የምትተኛው፤ ማንበብ እንዳስጠናትም ተስማምተን ነበር። ደስታዋ አላስችል ስላላት በትንሣኤ ማግሥት፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ ዶሮውንና በጉን፣ ዕንቁላሉንና አይቡን በደረደረችበት ጠረጴዛ ራስ ላይ ቆማ ተናገረችው።

«ልጄ ልትመጣ ነው። ስማዳ ያለች ልጄ። ስትመጣ እናንተ ናችሁ ዘመዶቿ።»

ሁሉም መረቋት። አቶ እንግዳው ሳህኑን አንሥቶ፣ ሁዳዴን ሙሉ የቀረበትን ዛሬ እንደሚያካክስ ተናገረ። እሷም ቃሏን አልተወችም። «ዓይን ቀድሞ ይብላ፣ አቶ እንግዳው።»

ደጋገመ። ሲደግም ሰው እየሳቀ ይቆጥርለት ነበር። ረጅም ጾም የጾመ ሆድ ያን ሁሉ ቅባት እንደማይችል ያልተናገረ የለም፤ እሱ ግን እጁን አወናጨፈና በላ።

የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ከተለያየ ሰው የሰማሁት ግን አንድ ነው። ቤቱ ሲደርስ ቁርጠት ጣለው፤ ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ መቀባዠር ጀመረ። በእኛ አገር እንዲህ የሆነ ሰው ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው። አፍንጫው ላይ ጤና አዳም ጠቀጠቁለት፤ ትከሻውን ይዘው እየነቀነቁ፣ «ማን በላህ? ተናገር፣ ማን በላህ?» አሉት። ቡዳ የበላው ሰው የበላውን በራሱ አፍ ይናገራል ይባላላ።

አቶ እንግዳው ዓይኑን ገለበጠና፣ «ዓይን… ዓይን ቀድሞ ይብላ… አፍ በኋላ» አለ።

ትከሻውን የያዙት ለቀውት እርስ በርስ ተያዩ ይላሉ።

ይህን የሚያነብ የሌላ አገር ሰው ቢኖር ልንገረው። እኛ ዘንድ «ዓይን በላው» ማለት ቡዳ በላው ማለት ነው። ምግብ ከማይታወቅ ሰው ፊት የሚከደነው፣ የሚጠጣ ሰው በነጠላ የሚከለለው ለዚህ ነው። እሷ ደግሞ ምግቡን ሁሉ ገልጣ ደርድራ፣ ለመጣው ሁሉ ዓይን ይብላ ስትል ከርማለች። ያን ጊዜ ሰው የቻይና ነገር ብሎ ስቆ አልፎት ነበር። እሷስ እንዴት ሳይታወቃት ቀረ? አንድ ጊዜ ጠየቅኋት። «ሰውየው ሲናገረው ቆንጆ ነበር» አለችኝ።

አቶ እንግዳው ብዙም ሳይቆይ ዳነ። ቻይና ቤት ግን አልዳነም።

ግድግዳው ሥር የምሰማው ወሬ ተለወጠ። ወሬው ተለወጠ ስል አዲስ ነገር ተገኘ ማለቴ አይደለም። ያው የቀድሞው ነገር ነው፣ ተገልብጦ። ስፍር የላትም ያሉት፣ «ማን ሰውን ያለ ስፍር ያጠግባል? ስታበላ ነው የምትበላው» አሉ። ሩዙን ገብስ ያለው ባላገር ነጭ ትል ነው አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሩ ላይ ቆማ የምትጠይቀው ነገር ሆነ። አንድ ሾፌር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁ። «ምን ጎደለ የምትለው እኮ ከሰውነትህ ምን እንደወሰደች ልታውቅ ነው።»

ቤቱ ሲዘጋ መጣችና እንደ ልማዷ፣ «ምን አሉ?» አለችኝ። ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ። «ቀንሰሽ አትንገሪኝ» አለች። አልቀነስኩም። እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችኝና ጭልፋዎቹን መጥረግ ጀመረች፤ የተጠረጉትን መልሳ ጠረገች።

አቶ እንግዳውን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰው የማናገር ልማድ የለኝም፤ ያን ቀን ግን ፊቱ ቆምኩ። ያንን ቃል ገበታው ላይ ሰምቶት በትኩሳት እንደደገመው፣ ይህንንም ለሰው መናገር እንዳለበት ነገርኩት። አላስተባበለም። ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዙን በጣቶቹ አሻሸ።

«ብናገርስ ማን ይሰማኛል፣ እታለም?» አለኝ። «ሰው የያዘው ታምሜ ያልኩትን ነው። ድኜ የምለውን ምን ያደርግለታል?»

እውነቱን ነው። እሱም ከዚያ በኋላ ምሳውን እቤቱ መብላት ጀመረ።

በላተኛው እያለቀ ሄደ። ሥርዓቱን ያመሰገኑት የኔታ እንኳ በበሩ ሲያልፉ መስቀላቸውን ጨበጥ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዙረው ነበር። ንፋስ መውጫ ነፋሱ እንደ ስሙ ነው፤ ሰው የሌለበት ጠረጴዛ ላይ አቧራ ሲያነጥፍ ይውላል። እሷ ግን በየቀኑ ትሠራለች፣ ትደረድራለች፣ ትጠርጋለች። ግራዝማች ከመጡ ቤቱን ዝግ እንዳያገኙት ነው።

ግራዝማች መጡ። ብቻቸውን ነበሩ። ወደ ጠረጴዛው አልቀረቡም፤ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«እኔ አላመንኩም» አሉ። «እዚህ ስበላ ከርሜ ይኸው በጤናዬ አለሁ።»

«ታዲያ ልጄስ?»

«የእስቴ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀዋታል። ደህና ቤት ነው። ወሬው ደርሷቸዋል፤ ስማዳ ልጅ አለችኝ ማለትሽም ደርሷቸዋል። የቡዳ ዘር ይወርዳል ይላሉ። እነዚህ ከተዉአት ሌላ አይጠይቃትም። ከእጇ ውሃ የሚቀበል አይኖርም።»

«ትምህርቱስ?»

«ከማን ጋር ተቀምጣ ነው የምትማረው፣ ደብሪቱ? ማን አጠገቧ ልጁን ያስቀምጣል?»

እሷ አንዱን ሳህን በጣቷ ገፋ አደረገች። ራቅ ብላ አየችው።

«ሽማግሌ ይልካሉ» አሉ ግራዝማች። «አንቺኑ ሊጠይቁሽ።»

«ምን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ምን እንደምመልስም አውቃለሁ።»

«እኔ እንዲህ በዪ አላልኩሽም።»

«አላሉኝም፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች ሲነሡ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እንባቸውን አየሁ ብዬ ብዙ ጊዜ ይቅር ልላቸው ሞክሬያለሁ። ከእንባቸው በቀር ግን ለእሷ የተዉት ነገር አልነበረም።

የእስቴ ሰዎች ሁለት ሆነው የመጡት በገበያ ቀን ነው። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ከበሩ አልገቡም። ውሃ አቀረበችላቸው፤ ጥማት የለብንም አሉ። እሷም ጽዋውን መልሳ አስቀመጠችው። ታላቁ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ስማዳ ከግራዝማች ውበቱ ቤት ያለችውን ልጅ ወልደሻል የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠየቃት። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ቆመ። ሳህኑን እጄ ላይ ይዤ ቀረሁ።

እትየ ደብሪቱ ሳቀች። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ አልወደድኩትም።

«አባቶቼ፣ ሰው ያለውን አያወራም፤ የሌለውን ነው የሚያወራው» አለች። «እኔ መካን ነኝ። ልጄ ልጄ ስል የከረምኩት ስላላገኘሁ ነው። የዚያችን ልጅ እናት አላውቃትም። ሞታለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ነፍሷን ይማር።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ፊታቸው ላይ ዕፎይታ ሲወርድ አየሁት፤ ከባድ ሸክም ከጫንቃው እንደ ወረደለት ሰው። ታናሹ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት፤ ቢሆንም እጅ አልነሣትም። ሊሄዱ ዞር ሲሉ ልማድ ሆኖባት፣ «ምን ጎደለ?» አለቻቸው።

«ምንም» አለ ታላቁ። «ሁሉም ሞልቷል።»

የማንጠግቦሽ ሠርግ በጥር ሆነ። ቀኑን ማን እንደነገራት አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ረጅሙ ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል። ዶሮው፣ ጥብሱ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ በዝንጅብሉ፣ ከሩቅ ያስመጣችው ሩዝ ሳይቀር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሷ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ ደፉ ላይ ቆማለች። ሰው ያልፋል፤ አያይም፣ ወይም አይቶ ይፈጥናል። እንዲህ ቆማ ዋለች።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነጠላዋን አወለቀችና ከጠረጴዛው ራስ ያለውን ትልቁን ሳህን ሸፈነችው። ያ ጠረጴዛ ከተሠራ ጀምሮ ምግብ ከድና አታውቅም።

«ለምን ትሸፍኚዋለሽ፣ እትየ?» አልኳት።

«ዓይን እንዳያያት» አለች።

ሳህኑን ማለቷ እንዳልሆነ ገባኝ። በማግሥቱ ምግቡን ለለማኞች ይዤላቸው ወጣሁ። አልተቀበሉኝም። ለውሻ ሰጠነው።

ከዚያ በኋላ ምግብ ቤቱን ዘጋች። ማገዶ እየለቀመች ስትሸጥ፣ ገዢውም ገንዘቡን ከመሬት እያስቀመጠላት እንጂ በእጇ ሳይሰጣት ኖረች። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አርብ ገበያ ለማስተማር ስሄድ እስከ ከተማው ዳር ሸኘችኝ። ከኪዳነ ምሕረት በታች ስንደርስ፣ «ከእስቴ የመጣ ሰው ታገኚ ይሆናል» አለችኝ። «ካገኘሽ ምንም አትጠይቂ። ከሰማሽ ብቻ ስሚ።»

ሰማሁ። ልጅቱ ወልዳለች። ደግማም ወልዳለች። ከእጇ ውሃ ይጠጣል። ይህን በአንድ የገበያ ቀን ስልክላት መልስ አልመጣም፤ ይድረሳት አይድረሳት አላውቅም። ዛሬም በእስቴ የተወለዱት ልጆች አያታቸው ማን እንደነበረች የሚያውቁ አይመስለኝም። ማወቃቸውም አይጠቅማቸውም፤ ያ ቃል ገና አልጠገበም።

እኔ ዘግይቼ ስለተማርኩ ሥርዓተ ነጥብ አጥብቄ እጠብቃለሁ። ያ የጨው ነጋዴ የተናገረውን እዚህ ላይ ስጽፈው የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ በጥያቄ ዜማ ነበራ የተናገረው፣ መካን ነበረች ለማለት። ገበያው ላይ ላርመው አልቻልኩም። እዚህ ግን ብዕሩ የእኔ ነው፤ ምልክቱን አነሣና ቃሉን ብቻውን እተወዋለሁ።

መካን አልነበረች።